ወደ እህቴ መስኮት የሚያስገባው ድልድይ

ጅማ ውስጥ ከጣልያን መምጣት በፊት እንደተሠራ በመንግሥት መዝገብ የሰፈረ፣ ጣሪያ ያለው አንድ የእንጨት ድልድይ ነበር። ሲሠራ ጣውላ ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ደርግ ሥልጣን ከያዘ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር፤ እኔም ገና አርባ ዓመት አልሞላኝም። ከዚያ ወዲህ ስለ ጥንታዊ ሕንፃ የሚያወራ ሰው ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የማየው ሕንፃውን ሳይሆን የተናጋሪውን ፊት ነው።

የማዘጋጃ ቤት ፕላን ነዳፊ ነበርኩ። ከሸዋ መጥቼ ጅማ ሥራ የያዝኩት በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ አገሩ ተስማምቶኝ፣ ኦሮምኛውንም ለገበያ የሚበቃኝን ያህል ለቃቅሜ እዚያው ቀረሁ። ከንድፉ ሌላ አንድ ሥራ ተጨምሮብኝ ነበር። እንግዳ በመጣ ቁጥር ጂረን ኮረብታ ላይ ያለውን የድሮ ንጉሥ ቤተ መንግሥት እንዳስጎበኝ እላካለሁ። የሕንፃው ታሪክ እንደ ዘበኛው ተራ ይለያያል። የጠዋቱ ዘበኛ አናጢዎቹ ከሕንድ የመጡ ናቸው ይላል፤ የከሰዓቱ ደግሞ እዚሁ ጂረን ተወልደው እዚሁ የሞቱ ናቸው ብሎ ይምላል። እኔ ሁለቱንም እናገራለሁ፤ እንግዳው ደስ ያለውን ይዞ ይሄዳል። ቢሮዬ ግድግዳ ላይ ከወዳጅ አገር የመጣ ካላንደር ተሰቅሎ ነበር፤ ጉልላቶቹ ሽንኩርት የሚመስሉ ቤተ ክርስቲያን ያለበት። ያን የመሰለ ሌላ እንዳይሠሩ ብሎ ንጉሣቸው የሠሪዎቹን ዓይን አስወጣ ይባላል። እውነት ይሁን ውሸት እንጃ። ብቻ ይህን ሳልናገር ያለፍኩ ቀን እንግዶቹ ቡና ሳይጠጡ እንደተሸኙ ቅር ይላቸው ነበር።

ሁለት ቤት ነበረኝ። ይህን ስናገር ዛሬም ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። ሁለቱንም በአንድ ውል የሸጠልኝ የመኪና ጥገና የነበረው አንድ ጣልያን ሲሆን የሠራቸውም እሱ ራሱ ነው። ትልቁ ቤት ከዳገቱ ላይ፣ ትንሹ ከታች ነው፤ በመካከላቸው ቡና የጫኑ አህዮች የሚያልፉበት ቀጭን የሕዝብ መንገድ አለ። ዳገት በመሆኑ የእኛ ማጀት ወለል ከታችኛው ቤት መስኮት ጋር እኩል ነው። ላይ እኔና ሚስቴ፣ ታች ታላቅ እህቴ እንኖራለን። እህቴን እትዬ እላታለሁ። አሰንዳቦ ቡና ነጋዴ አግብታ ስትኖር ባሏ ሞተባት፣ ልጅ የላትምና የባሏ ዘመዶች ከቤቷ አስወጧት፤ ታችኛውን ቤት ሰጠኋት።

ሚስቴና እትዬ አይነጋገሩም ነበር። ምክንያቱን በአጭሩ ልናገር፤ ማስረዘም አልችልም። የመጀመሪያ ልጃችን በሦስት ዓመቱ በኩፍኝ ሞተብን። እትዬ የዚያን ጊዜ አሰንዳቦ ነበረች፤ በመኪና ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው። ቀብሩ ላይ አልተገኘችም። በሦስተኛው ቀንም አልመጣችም። የመጣችው በሃያኛው ቀን ነው፤ ሚስቴም በሩን ዘጋችባት። ሚስቴ ከሠርግ የቀረባትን ሰው ትረሳለች፣ ከቀብር የቀረባትን ግን አትረሳም። እትዬ በዚያው ዓመት ባሏ ሞቶባት ጎረቤታችን ስትሆንም በመካከላቸው አንድ ቃል አልተለዋወጡም። የሚነጋገሩት በእኔ በኩል ነው።

«ለእህትህ ንገራት፣ የምድጃዋ ጭስ ያጠብኩትን ልብስ አጠቆረው» ትላለች ሚስቴ ማጀት በር ላይ ቆማ።

እትዬ አራት ክንድ በማይሞላ ርቀት መስኮቷ ላይ ናት። «ለሚስትህ ንገራት፣ ነፋሱን የላክሁት እኔ አይደለሁም» ትለኛለች።

እኔም እነግራለሁ። ሰባት ዓመት ሙሉ ነገርኩ።

የትርፍ ቤት አዋጅ ሲወጣ ለአንድ ቤተሰብ አንድ ቤት ሆነ፤ ሌላው የመንግሥት ነው። ቅጽ መጣልኝ። ታችኛው ቤት ተወረሰ ማለት ቀበሌው የወደደውን ሰው ያስገባበታል ማለት ነው፤ እትዬ ደግሞ የምትገባበት የላትም። ከሚስቴ ጣሪያ ሥር ከምትገባ አሰንዳቦ ተመልሳ ያባረሯት ሰዎች በር ላይ ብታረጅ እንደሚሻላት በእኔው በኩል አስታውቃለች። ስለዚህ ቅጹ ላይ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ «አንድ ቤት፣ በጣሪያ የተያያዘ» ብዬ ጻፍኩ። ውሸት ነበር። ግን ማኅተም ተመታበትና አለፈ።

ከሁለት ዓመት በኋላ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር በስብሰባ ላይ ተነሳና ቅጾቹ በወሩ መጨረሻ ቤት ለቤት እየተዞረ በአካል እንደሚጣሩ አስታወቀ። ከዚያ አያይዞ ለሕብረት ሱቁ ቤት እየተፈለገ ነው አለ። ይህን ሲል ያየው ወደ እኔ ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን ሄዶ ይናዘዝ ነበር። እኔ የማዘጋጃ ቤት ሰው ነኝና ወረቀትና መሬት ሲጣሉ የሚታረመው መሬቱ እንደሆነ አውቃለሁ። ከማጀታችን በር እስከ እትዬ መስኮት፣ ከአህዮቹ መንገድ በላይ፣ ጣሪያ ያለው ድልድይ መሠራት ነበረበት። ያውም ከአዋጁ በፊት የተሠራ መምሰል አለበት።

አፉን የሚይዝ አናጢ ፈልጌ ጂረን ግርጌ አንድ ሽማግሌ አገኘሁ። አባቱም አያቱም የቤተ መንግሥቱ አናጢ ነበሩ፤ አሁንም ሰገነቱ ሲወላልቅ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ቦታውን አሳየኋቸው።

«አባ፣ እንዲያው ጣውላ ደርድረው ቆርቆሮ ይምቱበት። ሌላ ነገር አያስፈልግም።»

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ እንዲያው የሚደረደር እንጨት ለዶሮ ቤት ነው።»

«ሦስት ሳምንት ብቻ ነው ያለን።»

«ቶሌ፣ እሺ። ኢንሻ አላህ ይደርሳል» አሉና የመጀመሪያውን ሳምንት ሙሉ እንጨት ሲመርጡ ከረሙ። አንዱን ዋንዛ ጆሯቸውን ለጥፈው እያንኳኩ ያዳምጡታል፣ ይመልሱታል። እኔ ምድር ጠበበኝ። ምናልባት ፍርሃት ያፈጥናቸዋል ብዬ የካላንደሩን ታሪክ፣ የሠሪዎቹን ዓይን ስላስወጣው ንጉሥ ነገርኳቸው። መሮአቸውን አስቀምጠው በጥሞና ሰሙኝ።

«ወላሂ? ታዲያ በክረምቱ ጣሪያው ሲያፈስ ማንን ጠራ?» አሉኝ።

ችግሩ ሽማግሌው የሚያውቁት አሠራር አንድ ብቻ መሆኑ ነው። መደገፊያውን ፈለፈሉት፣ ቋሚዎቹን በቅስት አገናኟቸው፣ የጣሪያውን ጠርዝ ጥርስ ጥርስ አድርገው ከረከሙት። በቀን ሦስት ጊዜ ይህ አያስፈልግም እላለሁ፤ በቀን ሦስት ጊዜ ቶሌ ይሉኛል። ሲጨርሱ ከቤተ መንግሥቱ ሰገነት አንድ ቁራሽ ተገንጥሎ የእኛ አህያ መንገድ ላይ ያረፈ ይመስል ነበር። አንደኛው ጫፍ ማጀታችን ነው፤ ሌላኛው ጫፍ የእትዬ መስኮት። መስኮቱን ተሻግሮ የሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚረግጠው አልጋዋን ነው።

እንጨቱ ግን እንደ ቅቤ ቢጫ ሆኖ ያበራል። ስድስት ቀን ቀርቶናል። ጅማ ውስጥ የቡና ገለባ አይቸግርምና ከመቀሸሪያው በጆንያ አስመጣሁና ከድልድዩ ሥር ሦስት ቀን አጨስኩ። አህዮቹ እያስነጠሱ ያልፋሉ። ጎረቤት ሲጠይቀኝ ምስጥ እያባረርኩ ነው እላለሁ። ከዚያ ጥቀርሻ በተቃጠለ የመኪና ዘይት በጠበጥንና በጨርቅ መቀባት ጀመርን፤ ሚስቴ ከማጀቱ በኩል፣ እትዬ ከመስኮቷ በኩል። በሁለተኛው ቀን መሃል ላይ ተገናኙ። እጃቸው እስከ ክርናቸው ጠቁሮ፣ ትከሻ ለትከሻ ተንበርክከው መቀባታቸውን ቀጠሉ። እኔ ከሥር በመሰላል ላይ ነበርኩ።

«ለእህትህ ንገራት፣ በእሷ በኩል ያለው ገና ልጅ ነው፣ ትጨምርበት» አለች ሚስቴ።

«ለሚስትህ ንገራት፣ ስለ እርጅና ከእሷ አልማርም» አለች እትዬ። ግን ጨመረችበት።

የማጣራቱ ቀን ሊቀ መንበሩ ብቻውን አልመጣም። ከክፍለ ሀገሩ የባህል ጉዳይ የመጣ፣ ወዳጅ አገር ተምሮ የተመለሰ አንድ ወጣት ጓድ አብሮት ነበር። ቅርስ እየመዘገበ ስለሆነ ከቤት ለቤቱ ዙረት ጋር ተዳብሎ ነው የመጣው። ሊቀ መንበሩ ከታች ሆኖ ጣሪያውን አየ፣ በእጁ ከዚህ እዚያ አመለከተና «ተያይዟል» አለ። እስክሪብቶውን አወጣ። አበቃ፣ ዳንን ብዬ ትንፋሼን ለቀቅሁ።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ አንዴ ቆይ!» አለ ወጣቱ። ድልድዩ ላይ ወጥቶ መደገፊያውን በመዳፉ እየዳሰሰ ነው። «ይህ የጂረን እጅ ነው። ሰኞ ዕለት ቤተ መንግሥቱን መዝግቤያለሁ፤ ፍልፍሉ አንድ ነው። ይህ ቢያንስ መቶ ዓመት ይሆነዋል።»

አላበደም፤ ዓይኑ ትክክል ነበር። እጁ የጂረን እጅ ነው። ባለ እጁ ግን ባለፈው ሐሙስ እኛ ቤት ምሳ በልተው ነው የሄዱት።

«ያን ያህል እንኳን አይሆነውም» አልኩ።

«ታዲያ መቼ ተሠራ?»

«ከአዋጁ በፊት» አልኩ። ከዚያ በላይ አንድ ቃል ብጨምር በገዛ አፌ እታሰራለሁ። አሻጥረኛ ለመባል ከዚህ ያነሰም በቂ ነበር።

ሊቀ መንበሩ ጭንቅላቱን አከከ። «ግን እኮ ቤቶቹን የሠራቸው ጣልያን ነው። ድልድዩ ከቤቶቹ በፊት ከነበረ ምንን ከምን ያገናኝ ነበር?» አለ። በዚያ ቀን ከተጠየቁት ጥያቄዎች ሁሉ ጤነኛው ይህ ብቻ ነበር።

«ቤቶቹ ናቸው በኋላ ድልድዩን ተጠግተው የተሠሩት» አለ ወጣቱ፣ ምንም ሳይጨነቅ።

ሊቀ መንበሩ ለትምህርት ክብር ነበረውና እስክሪብቶውን መልሶ ኪሱ ከተተ። ወጣቱ ማስታወሻ ደብተሩን ገልጦ በዕድሜ ትልቋ እሷ ናትና ወደ እትዬ ዞረ። እትዬ መስኮቷ ደፍ ላይ ተቀምጣለች። ሚስቴ በወዲያኛው ጫፍ ማጀት በር ላይ ቆማለች። ሊቀ መንበሩም ወጥቶ ስለነበር እኛ ሦስት ወንዶች መሃል ድልድዩ ላይ ነን።

«እማማ፣ የዚህ ድልድይ ታሪክ ምንድን ነው? ከአባቶችዎ የሰሙትን ይንገሩኝ።»

እትዬ አንድም ቀን ወሬ አልቸገራትም። ነጠላዋን አስተካከለች። «አንድ ባላባት ነበር አሉ» ብላ ጀመረች። «ሁለት ሚስቶች ነበሩት። ታናሺቱን ከላይ፣ ታላቂቱን ከታች አስቀመጣቸው። አይነጋገሩም ነበር። ታናሺቱ ኩራተኛ ናት። ሰላምታ እንኳን ብትሰጥ ከአፏ ጥርስ የሚወልቅ ይመስላታል።»

ወጣቱ ይጽፋል። የጣውንቶች ጠብ የፊውዳሉ ሥርዓት መገለጫ መሆኑን ለሊቀ መንበሩ በሹክሹክታ አስረዳው።

«ታላቂቱስ?»

ዞርኩ። የተናገረችው ሚስቴ ናት። በሰባት ዓመት ውስጥ በእኔ በኩል ሳታልፍ ወደ እትዬ የወረወረችው የመጀመሪያ ቃል ነበር።

«የታላቂቱን ጥፋት ለምን አይናገሩም?» አለች። ተቆጥታም «እርስዎ» ማለቷን አልተወችም። «የታናሺቱ ልጅ ሲሞት ታላቂቱ ቀብሩ ላይ አልተገኘችም። ጓድ፣ ይህንንም ይጻፉት።»

«እየጻፍኩ ነው» አለ ወጣቱ።

«አልሰማችም ነበር» አለች እትዬ።

«መልእክት ተልኮላታል!»

«ተልኮላታል። የተላከው ግን አጋሮ በሚሄድ መኪና ነው! እሷ አሰንዳቦ፣ መኪናው አጋሮ! ሾፌሩ ቡናው ተጭኖ እስኪያልቅ እዚያ ሰንብቶ፣ ወረቀቱን ኪሱ ውስጥ ረስቶት፣ ያደረሰላት በአሥራ ስምንተኛው ቀን ነው። ልጁ ከተቀበረ በአሥራ ስምንተኛው ቀን!»

ሊቀ መንበሩ ቀና አለ። «ሾፌር? በዚያ ዘመን?»

«በቅሎ ነጂ ማለቴ ነው» አለች እትዬ፣ ዓይኗን ከሚስቴ ላይ ሳትነቅል።

«በቅሎ... ነጂ» አለ ወጣቱ፣ ሰርዞ እያስተካከለ።

«ታዲያ ይህን ለምን አልተናገረችም?» አለች ሚስቴ።

«ለማን ትናገር? ስትመጣ በሩን የዘጋባት ማን ሆነና?»

ከሥራችን አንድ አህያ ጭነቱን ከግድግዳው ጋር እያፋተገ አለፈ። ወጣቱ ገጹን ገለበጠና አንድ ነገር እንደቀረው ሰው እስክሪብቶውን ጥርሱ ላይ አንኳኳ። «መልእክቱን በተሳሳተው በቅሎ የላከው ማን ነበር?» አለ።

እትዬ ወደ እኔ አየች። እንዲያ አይታኝ አታውቅም። «ታሪኩ እዚያ ላይ ዝም ይላል» አለች። «ባላባቱ ድልድዩን ሠራ። እኔ የማውቀው ይህንን ነው።»

ሊቀ መንበሩ ሚስቴን ለምን እንደምታለቅስ ጠየቃት። ጭሱ ነው አለችው። ምድጃው አልተቀጣጠለም ነበር።

በሳምንቱ ደብዳቤ መጣ። ድልድዩ የሰፊው ሕዝብ ቅርስ መሆኑ ተረጋግጧል፤ ቅርሱ እንዳይጎዳ በላዩ ላይ ማለፍ ክልክል ነው። ቅርሱ የመንግሥት በመሆኑና በሁለቱ ቤቶች መካከል በመገኘቱ ቤቶቹ የተያያዙ ናቸው ማለት አይቻልም። ስለዚህ ታችኛው ቤት ትርፍ ነው፤ ነዋሪዋ በአምስት ቀን ውስጥ ትልቀቅ። በመጨረሻ ቅርሱን እስከ ዛሬ ጠብቄ በማቆየቴ አመስግነውኝ ነበር። ደብዳቤውን አራት ጊዜ አነበብኩት። እንደ ባለሙያ ልፍረድ ካልኩ እንከን አልነበረበትም።

ሽማግሌው አናጢ የቅርስነቱ ሰሌዳ ድልድዩ ላይ ሲሰቀል መጡና ምን እንደሚል አነበብኩላቸው። ለረጅም ጊዜ ፈገግ ብለው አዩት። «አልሐምዱሊላህ፣ የእኔን ሥራ የአያቴ ነው አሉት። ከዚህ የበለጠ ምን ይሉኛል?» ብለው መጋዛቸውን አዝለው ሄዱ። በዚያ ሁሉ ነገር የተደሰቱ እሳቸው ብቻ ናቸው።

በአራተኛው ቀን ሊቀ መንበሩን ልለምነው ሄድኩ። እህቴ መሄጃ የላትም አልኩት። ወንበሩን አስጠጋና «ጓድ፣ ድልድዩ አዲስ ነው ልትለኝ ነው እንዴ?» አለኝ በዝግታ። ያን ጊዜ ገባኝ፤ እሱ ሞኝ አልነበረም። አይደለም አልኩትና ወጣሁ። እንደዚያን ቀን ራሴን ንቄው አላውቅም። መንገዱን ሙሉ ለእትዬ አሰንዳቦ ከመመለስ ሌላ እንዳልቀራት እንዴት እንደምነግራት ሳስብ መጣሁ።

የአህያ መንገዱ ተዘግቶ አገኘሁት። ሚስቴ በድልድዩ ማለፍ ክልክል ስለሆነ በግቢው በር ወጥታ፣ ዳገቱን ወርዳ፣ በዙሪያ ሄዳ የእትዬን በር አንኳኩታለች። ያንን በር እትዬ ከገባችበት ጀምሮ ረግጣው አታውቅም። አሁን የእትዬን ፍራሽ ጠቅልለው አንዷ ከፊት አንዷ ከኋላ ሆነው ሽቅብ ይዘውታል። ከኋላቸው አራት አህዮችና አንድ ነጂ ተራቸውን ይጠብቃሉ።

«ልርዳችሁ?» አልኩ።

«መንገድ ልቀቅ» አለችኝ ሚስቴ።

እትዬ የእኛ ክፍል ገባች፤ እኔ ሳሎን ወረድኩ። ታችኛው ቤት ሱቅ ሆነ፤ ለሳሙናና ለስኳር የሚሰለፈው ሰው ዝናብ ሲመጣ በድልድዩ ጣሪያ ሥር ይጠለላል። ሁለቱ ሴቶች ከጠዋት እስከ ማታ ያወራሉ፤ የሰባት ዓመት ወሬ ተጠራቅሞባቸዋል። ለእኔ ግን የሚነግረኝ ጠፋ። ሦስት ቀን ጨው አቀብለኝ እንኳን ያለኝ ሰው የለም።

በሦስተኛው ቀን ምሳ ላይ አላስችል አለኝ። «ሾፌሩን የት እንደሚሄድ አልጠየቅኩትም» አልኩ። «ልጁ ገና ሳይቀበር ቤት ተኝቶ ነበር። መኪና መናኸሪያ ሄድኩና ሞተሩ የተነሳ መኪና አይቼ ወረቀቱን በመስኮት ሰጠሁት። እትዬ በሃያኛው ቀን ስትመጣ የሆነው ወዲያው ገባኝ። ፈርቼ ዝም አልኩ።»

ሚስቴ የጠቀለለችውን ጉርሻ መልሳ አስቀመጠች። ወደ እኔ አላየችም። «እርስዎ ያውቁ ነበር?» አለቻት።

«ወረቀቱን አየሁታ» አለች እትዬ። «የእሱ ጽሑፍ ሳይሰመርለት እንኳ ቀጥ ያለ ነው። ያን ቀን ግን የልጁን ስም አስተካክሎ መጻፍ አቅቶታል።»

«ታዲያ ሰባት ዓመት ሙሉ ለምን እርስዎን ልጥላ?»

እትዬ የተቀመጠውን ጉርሻ አንስታ ወደ ሚስቴ አፍ አቀረበችላት። «አንዳችንን መጥላትሽ ካልቀረ እኔን ትጥላ አልኩ» አለች። «አንቺ የምታድሪው ከእሱ ጋር ነው።»